የአባቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ብረት ምንድን ነው? የድሬ ባቡር ጥገና ሠራተኞች ካላችሁ ድረሱልኝ

የፍራንኮው
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ የዕቃ ሳጥኑን እንድከፍት የፈቀደችልኝ ግን ባለፈው ቅዳሜ ነው። ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ከ1962 ጀምሮ ሠርቷል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር ሲቆም እኛን ይዞ አዳማ መጣና ትንሽ የቶርኖ ቤት ከፈተ፣ ብረት በማሽን እየዞረ የሚቆረጥበት። ሳጥኑ ውስጥ ሞረዶች አሉ፣ ካሊፐር አለ፣ ገጹ ሁሉ ግሪስ የነካው የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አለ። እነሱን አውቃቸዋለሁ። ያላወቅኩት ይሄን ብረት ነው።

የስልኬ ካሜራ ተሰንጥቋል፣ ፎቶው ጭጋግ ነው የሚመስለው። ስለዚህ በቃል ልንገራችሁ። መዳፍ ያህላል። ስስ ነው፣ ሁለት ሳንቲም ቢደራረብ ነው። አንዱ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ የሰው አፍንጫ ከጎን ሲታይ እንደማለት። በማዶው ጠርዝ ሁለት ቁርጦች አሉ፣ አንዱ ሰፋ ሌላው ጠበብ ያለ። በሰፊው ስር የፈረንጅ ኤን፣ በጠባቡ ስር ኤል ተቀርጿል። የስሙ መጀመሪያ እንዳልል የአባቴም የአያቴም ስም በእነዚህ አይጀምርም። በሞረድ በእጅ የተሠራ ነው፣ ግን ጠርዙ ላይ ጣት ስታሳልፉበት ምንም አይቆረቁርም።

የሚያውቅ አለ?

ባለ ጋሪው
የቢራ መክፈቻ ነው። ኤን ለናዝሬት፣ ኤል ለለገሃር 😂

ቶርኖው
እሱን ተወው። እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ ቶርኖ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከሰማሁት የጥርስ መለኪያ ይመስለኛል፣ ብሎን ስታወጣ ጥርሱ ልክ መሆኑን የምታይበት። ግን እሱ ብዙ ጥርስ ነው የሚኖረው እንጂ ሁለት ቁርጥ ብቻ አይደለም። ወይ ደግሞ የቶርኖ ቢላ ስትስል ማዕዘኑን የምታስተያይበት ነው። አፍንጫ የምትለው ነገር ግን አልገባኝም። አባትህ ስለ ሥራው ምን ያወራ ነበር?

የፍራንኮው
ብዙም አያወራም ነበር። ሥራ ቦታውን አቴሊዬ ነው የሚለው። እኔ ልጅ ሆኜ አቴሊዬ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር፣ "ዛሬ አቴሊዬ አስመሸኝ" ሲል አንድ ክፉ አለቃ አስብ ነበር።

አንድ የማይረሳኝ ነገር ግን አለ። ማታ ሲገባ እጁን በጋዝ እየታጠበ "ቡዳው አልቋል፣ ቡዳው ሳስቷል" ይል ነበር። እናቴ በሰማች ቁጥር ታማትባለች። አንድ ቀን "ዛሬ አሥራ ስድስት ቡዳ ቆረጥኩ" ሲላት ጠበል ይዛው ልትሄድ ነበር፣ እሱም ሳቁ አላስቆም ብሎት መሬት ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሚያስቀው ግን አልነገረንም። ከብረቱ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ስለጠየቅከኝ ነው የጻፍኩት።

የከዚራ ሰው
ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። በሳቅም በእንባም ነው ያነበብኩት።

ቡዳ አይደለም ያለው። ቡዳን ነው። ፈረንሳይኛ ነው። የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል ከሀዲዱ ዝቅ ብሎ የሚወርድ ጠርዝ አለው፣ ባቡሩን ሀዲዱ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። ፈረንሳዮች ቡዳን ይሉታል። እኛም እንደዚያው። የጥገናው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፣ ወረቀቱም፣ ሥዕሉም፣ ስድቡም። አሥራ ስድስት ቡዳን ቆረጠ ማለት አሥራ ስድስት ጎማ ቶርኖ ላይ አስተካከለ ማለት ነው፣ ያውም ለአንድ ቀን በዛ፣ ሳያጋንን አልቀረም 😄

የያዝከው የቡዳን መለኪያ ነው። ኤን "ኔፍ" ነው፣ አዲስ ማለት። ኤል "ሊሚት" ነው፣ መጨረሻው ማለት። ሰፊው ቁርጥ የአዲስ ቡዳን ውፍረት ነው። ጠባቡ ከዚያ በታች የማይፈቀደው። ፉርጎው ስር ገብተህ ቁርጡን ቡዳኑ ላይ ታለብሰዋለህ። ኤል ውስጥ ከገባልህ አለቀ፣ ያ ጎማ በዚያ ቀን አይወጣም፣ ጣቢያ ላይ ሚኒስትር ቢጠብቅም አይወጣም። አፍንጫ ያልከውን ጠርዝ ደግሞ ጎማው ፊት ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከማዶ ፋኖስ ትይዛለህ። በስሩ ብርሃን ካየህ ተበልቷል።

ቶርኖው
ኧረ ተዉኝ! ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎ ስንት ዓመት ሠሩ እዚያ? ጥያቄ አለኝ። ጠርዙ ነው የሚሳሳው ካሉ ቶርኖ ብረት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የሳሳውን እንዴት ነው የሚያወፍሩት?

የከዚራ ሰው
ከ1958 እስከ ጡረታ። ጥያቄህ የባለሙያ ነው።

ቡዳኑን አታወፍረውም። ጎማውን በሙሉ ታሳንሰዋለህ። ሀዲድ ላይ የሚሄደውን ፊት ጥቂት ሚሊሜትር ትቀንስና ቅርጹን በሙሉ ወደ ውስጥ ገፍተህ እንደገና ታወጣዋለህ፣ ቡዳኑ ወፍሮ ይወጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቆረጣ ጎማው ይከሳል። ለዚህ ነው ጎማው ሁለት ክፍል የነበረው፣ መሃሉ ላይ ያለው እግር እና ከላይ የለበሰው የብረት ቀለበት። ቀለበቱን ባንዳዥ ነው የምንለው፣ የሐኪሙ ባንዴጅ እንኳ ከዚያው ቃል ነው። ከሳ ከሳና ሲያልቅ ቀለበቱ ብቻ ይጣላል፣ እግሩ ይቀራል።

አዲሱ ቀለበት ሲለብስ ብታዩ። ቀለበቱ ከእግሩ በጣም ትንሽ ነው የሚጠብበው፣ በዓይን አይታይም። ዙሪያውን እሳት ይለቀቅበታል፣ ሲሞቅ ይሰፋል። ቀይ እስኪሆን አይደለም፣ ቀይ ከሆነ ብረቱ ተበላሽቷል። አለቃችን እንጨት ያስነካው ነበር፣ እንጨቱ ሲጨስ "ቦን" ይላል። ከዚያ እግሩ ከነአክሱ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ያለ መዶሻ ይገባል፣ እንደ ቀለበትና ጣት። በሩ ይዘጋል፣ ነፋስ እንዳይነካው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እግሩን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። በማግስቱ በመዶሻ ትመታዋለህ። ጥሩ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ካልያዘ ወይም ከተሰነጠቀ እንደ ሸክላ ነው ድምፁ። እስካሁን ስኒ ሲወድቅ ሰውነቴ ይነግረኛል።

አትቆጡኝ
ሼባዎቹ በትዝታ ጠፉ 😅 ለመስደብ አይደለም፣ ግን እስቲ በእውነት እናውራ። ያ ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ንብረት ነበር፣ ሀዲዱ ጠባብ፣ ፍጥነቱ የኤሊ። መጀመሪያ አካባቢ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ ማታ ማታ ድሬዳዋና አዋሽ እየታደረ። አሁን አዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። ምኑን ነው የምንናፍቀው?

ሌላም ጥያቄ። ጥገናው ለምን ድሬዳዋ ሆነ? አዲስ አበባ ዋና ከተማ አልነበረም እንዴ?

የከዚራ ሰው
አልቆጣም። የኤሊውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ዳገቱ ላይ ወርደን በእግር የቀደምነው ቀን ነበረ።

ድሬዳዋ የሆነበት ምክንያት ግን ቀላል ነው፣ ገንዘብ አለቀ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ታኅሣሥ ድሬዳዋ ደረሰ፣ 311 ኪሎ ሜትር። የታሰበው ሐረርን ለማግኘት ነበር፣ ግን ተራራው ከበደ፣ ስለዚህ ባቡሩ ከስር ቆመ፣ ከተማውም እዚያ ተወለደ። አዲስ ሐረር ነበር መጀመሪያ ያሉት። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረ። መጨረሻ ላይ ያለ ባቡር የት ይጠገናል? እዚያው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። እስከዚያ ማሽኑ ተተክሏል፣ ሠራተኛው ቤት ሠርቷል፣ ልጅ ወልዷል። ማን ያነሳዋል?

ቦታውም ክፉ አይደለም። በአንድ በኩል በረሃው፣ በሌላው በኩል ወደ ደጋ መውጣቱ። ሁለቱም ባቡር ይበላሉ። በረሃው ላይ በእንፋሎቱ ዘመን ጭንቁ ውሃ ነበር። የድሬ ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጀበና ውስጥ ድንጋይ የሚያበቅል። እንፋሎቱ የሚፈላበት ቦይለሩ ውስጥም እንደዚያው ነበር፣ ሰው በቀዳዳ ገብቶ በመዶሻ ይፍቅ ነበር ብለው ሽማግሌዎቹ ይነግሩን ነበር። ናፍጣው ሲመጣ እነዚያ ቦይለር ሠሪዎች በአንድ ትውልድ ሥራቸው ጠፋ። ግማሾቹ ሞተር ተማሩ። ግማሾቹ ብየዳ ያዙ፣ የድሬን የቤት በር ሁሉ የሠሩት እነሱ ናቸው።

እናት ዓለም
እኔ ስለ ብረት አላውቅም። ግን እናቴ እዚህ ናዝሬት ጣቢያ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር፣ ባቡሩ ሲቆም በመስኮት። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባቡሩ ሲቆም ቱታ የለበሰ ሰው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ ጎማውን ኳ ኳ ያደርግ ነበር። እኛ ልጆቹ "ባቡሩን በሩን እያንኳኳ ነው" እንል ነበር። ለካ እየሰማው ነው!

እሱ ሰው ከእናቴ እንቁላል ሲገዛም ጆሮው አጠገብ አድርጎ ያንቃጭለው ነበር። የምሬን ነው።

የከዚራ ሰው
እንቁላሉንም የሚያንቃጭል ከሆነ የእኛ ሰው ነው።

ባለ 25 ሺህ ቮልት
ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ በአዲሱ መስመር ጥገና ነኝ፣ ከሰበታ ጅቡቲ በሚሄደው የኤሌክትሪኩ። የሥራ ቦታዬን አልጽፍም፣ ግን ስለ ጎማው ልንገራችሁ።

የእኛ ጎማ ወጥ ነው። ቀለበት የለውም፣ ባንዳዥ የሚባል ነገር አልፎ አልሰማሁም። ሲያልቅ ሙሉውን ነው የምንቀይረው። የሀዲዱም ስፋት ይለያል፣ የድሮው 1 ሜትር ነበር፣ የኛ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ያ ብረት የእኛ ጎማ ላይ አይሠራም፣ ቅርጹም ሌላ ነው። ግን የሚለካው ነገር ያው ነው! የጠርዙን ውፍረት፣ የጠርዙን ቁመት። እኛ በስክሪን እናየዋለን፣ ቁጥሩ ከወሰን ካለፈ ቀይ ይሆናል። ኤል ማለት ነው እንግዲህ።

ሥራ ስጀምር መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነበር። እኛም ግማሹን ቃል ቻይንኛ አድርገን ቀረን። ጋሼ ቡዳን ሲሉ የሳቅኩት ለዚያ ነው፣ የእኔም ሚስት ማታ የማወራው አይገባትም።

አንድ ነገር ግን ለአትቆጡኝ። የድሮው ጣቢያ ከተማው መሃል ነበር። የኛው አዳማ ጣቢያ ለመድረስ ባጃጅ ይዘህ ነው የምትወጣው። ፍጥነቱን ስትቆጥር ባጃጁንም ቁጠር።

አትቆጡኝ
እሱስ ልክ ነህ። ግን ጠርዝ ጠርዝ ስትሉ አንድ ነገር ታወሰኝ። የ1977 ጥር የአዋሹ አደጋ፣ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት። እሱ በጎማው ነው አይደል? የጥገና ሰዎቹ ጥፋት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

የከዚራ ሰው
አይደለም። ድልድዩ ጋ ኩርባ አለ። ባቡሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ገባ ነው የተባለው። ጥሩም ጎማ ቢሆን በዚያ ፍጥነት አይይዝም። እኔ በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ ነበርኩ። አትጠይቀኝ።

የፍራንኮው
ጋሼ፣ አባቴም ስለሱ ተጠይቆ መልሶ አያውቅም። ይብቃን።

እኔ ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሄ ነው። እዚህ አዳማ የቶርኖ ቤቱ ከመጣ በኋላ የባቡር ጎማ ነክቶ አያውቅም። የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ አክስ፣ የባጃጅ ቡሽ፣ እሱ ነበር ሥራው። ታዲያ ብረቱን ለምን በግሪስ ጠቅልሎ አኖረው?

ቶርኖው
ቆይ ቆይ። የቶርኖ ቤቱ በሩ አረንጓዴ ነበር? ከፊቱ የኒም ዛፍ ያለው? ስም እንዳትጽፍ፣ አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

የፍራንኮው
አዎ 😳

ቶርኖው
ወይ ጉድ! እኔ እኮ አባረውኛል!

በ2002 ይመስለኛል። አንድ ጋራዥ ተለማማጅ ነበርኩ፣ አለቃዬ የወፍጮ ዘንግ አስይዞ "ኩሽኔታ የሚገባበትን አስቆርጠህ ና" ብሎ ላከኝ። ሽማግሌው "ልኩ ስንት ነው?" አሉኝ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቼ ለካሁላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ይሄ ለሱሪ ነው። ሂድ ሱሪ ልታሰፋ" ብለው በሩን ዘጉ። በስንት ልመና ነው ማታ የተቀበሉኝ፣ ያውም ካሊፐር አስይዘው ያንኑ ቦታ ሃያ ጊዜ ካስለኩኝ በኋላ። እያንዳንዱን ንባብ ግድግዳ ላይ በጠመኔ አስጻፉኝ። አሥረኛው ላይ እጄ መንቀጥቀጥ አቆመ፣ ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት መሆን ጀመሩ። ከዚያ "አሁን ዘንጉን አምጣ" አሉኝ።

አትቆጡኝ፣ ምኑን ነው የምትናፍቁት ብለህ ነበር። እኔ ባቡሩን ተሳፍሬበት አላውቅም። ግን ከተማችን ውስጥ ዘንግ በልኩ የሚቆርጥ ሰው ካገኘህ ማን አስተማረህ ብለህ ጠይቀው። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ሰው ላይ ድሬዳዋ ትደርሳለህ።

ብረቱን በዓይኔ ሳላይ መናገሬ ነው፣ ግን ይሄን የመሰለ ብረት በግሪስ የሚጠቀለለው እንዳይዝግ ነው። መለኪያ ከዛገ መለኪያ አይደለም። ከተጠቀሙበት አልተጠቀሙበት ሌላ ነገር።

የከዚራ ሰው
ልጄ፣ ብረቱን ገልብጠህ ጀርባውን እይልኝ። ነጥብ ነጥብ ተወግቷል? እኛ ጋ እያንዳንዱ ሰው መለኪያውን ራሱ ነበር የሚሠራው፣ ከላሜራ ቆርጦ፣ በሞረድ፣ አንዳንዱ ሳምንት ይፈጅበታል። ሲጨርስ የመሣሪያ ክፍሉ ሰውዬ ከዋናው መለኪያ ጋር ያስተያየዋል። ልክ ከሆነ ጀርባው ላይ አንድ ነጥብ ይወጋል። በየዓመቱ ደግሞ እንደገና። ያልተወጋ መለኪያ ይዞ ፉርጎ ስር መግባት አይቻልም ነበር።

የፍራንኮው
አሁን አጽድቼ አየሁት። አለ! ነጥቦች አሉ፣ በሁለት መስመር። ቆጠርኩት፣ 29 ናቸው። እኩል እኩል፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ነው የሚመስሉት።

ከስራቸው ግን ሌላ መስመር አለ። እዚያ 11 ነጥብ አለ። እነዚህ ትንሽ ጠማማ ናቸው፣ ጥልቀታቸውም ይለያያል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ በጣም ስስ ናቸው፣ በጣት ነው የሚታወቁት እንጂ አይታዩም።

የከዚራ ሰው
ጠማማዎቹ የመሣሪያ ክፍሉ አይደሉም። እሱ ሰውዬ ነጥብ አያጣምም ነበር።

አዳማ ስንት ዓመት ቆየ?

የፍራንኮው
አሥራ ሁለት። የመጨረሻውን ዓመት አልጋ ላይ ነበር።

ቶርኖው
አቤት።

ከምን ጋር እያስተያዩት ይሆን? ዋናው መለኪያ ድሬዳዋ ነው ያለው።

የከዚራ ሰው
እንጃ። ምናልባት ከራሱ እጅ ጋር።

ለጥምቀት ልጄ ጋ አዳማ እመጣለሁ። እኔም የራሴ አለኝ፣ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከጡረታ ወዲህ አልተወጋም። ይዤው ልምጣና ሁለቱን አንድ ላይ አስገጥመን ፋኖስ እንያዝባቸው። ቶርኖው አንተም ና። የሱሪ ሜትርህን ቤት ተወው።

ቶርኖው
😂😂 እሺ ጋሼ። ካሊፐር ይዤ ነው የምመጣው።

እናት ዓለም
እንቁላሉን እኔ እቀቅላለሁ።